ለየኔታ የዘለልኳቸው ገጾች

ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ስለ ጤናዬ ጠይቆ ሳይጨርስ «አሁን ደግሞ ምን ይዘሃል?» ይለኛል። ምን እያነበብክ ነው ማለቱ ነው። ላሊበላ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሰው አንዴ ስም ካወጣልህ ዕድሜህን ሙሉ ይዘኸው ትኖራለህ። ለእኔ የወጣልኝ «አንባቢው» የሚል ነው። ሥራዬ እንግዳ ማስጎብኘት ነው፤ እንግዳ በጠፋባቸው ዓመታት ግን ውሎዬ ማንበብ ብቻ ሆነ፤ ስሙም ያኔ ጸናብኝ። ስሙን እወደው ነበር። ማንም ባይጠይቀኝ እንኳ ጨዋታውን ወደዚያው አዙሬ የጨረስኩትን፣ የያዝኩትንና ቀጥዬ የማነበውን አንድ በአንድ እዘረዝር ነበር።

ዝርዝሩ የቃል ብቻ አልነበረም፤ ደብተር ነበረኝ። ገጹን ለሦስት ከፍዬ በግራ ያለቀ፣ በመሃል የተያዘ፣ በቀኝ ተራ የሚጠብቅ ብዬ እጽፋለሁ። በግራ ያለው ሲረዝም ደስ ይለኛል። እውነቱን ልናገርና አንዳንዱን መጽሐፍ የማነበው ለመጽሐፉ ብዬ ሳይሆን ከመሃል ወደ ግራ ለማሻገር ነበር። ይህን በራሴ ላይ ያወቅሁት በኋላ ነው። እንዴት እንዳወቅሁት ነው አሁን የምጽፈው፤ ስጽፈውም እያፈርኩ ነው።

እኛ ዘንድ አዲስ መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝም። የሚመጣው ወይ ከወልድያ በሹፌር እጅ፣ ወይ አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄዶ በተመለሰ ሰው ሻንጣ ነው። ስለዚህ ሰባት ሰዎች ሆነን ክበብ ቢጤ አቋቋምን፤ አንዲት ፋርማሲስት፣ ሁለት መምህራን፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ የሆቴል ገንዘብ ያዥ፣ አንድ ዲያቆንና እኔ። መጽሐፍ ሲገባ በአሮጌ ካላንደር ይለበድና ለሰባታችን ይዞራል። ወረፋው ፋርማሲው ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ ተለጥፏል። ለአንድ ሰው አንድ ሳምንት፤ ሌላ ሰው ካልቸኮለበት ይራዘምለታል። የያዝከውን ሳትመልስ ቀጣዩን አትወስድም፤ ተራህ ደርሶ ሳትወስድ ከቀረህ ከወረፋው መጨረሻ ትሰለፋለህ። ደንቡን ያረቀቅሁት እኔው ነኝ። ያኔ በጣም ኮርቼበት ነበር።

አሁን ወደ የኔታ ልምጣ። የኔታ የንባብ አስተማሪዬ ነበሩ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ንባብ እስክጨርስም እሳቸው ዘንድ ቆየሁ፤ ከዚያ አባቴ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት አዛወረኝ። በንባብ ቤት ተማሪው መጽሐፉን ይዞ ያነባል፤ መምህሩ መጽሐፍ ሳይዙ በቃላቸው እየሰሙ ያርማሉ። ጠብቆ የሚነበበውን ብታላላ ትመለሳለህ። አንዲት ቃል ብትዘል ደግሞ ከሥር ከመሠረቱ ትጀምራለህ። መዝለል እንደ ሌላው ስህተት አይቆጠርም፤ የሚነበበው የእግዚአብሔር ቃል ነውና ነውርም ኃጢአትም ነው። ከየኔታ ቤት የወጣ ሰው ቢያንስ ይህን አይስትም ተብሎ ይታመናል።

የኔታ በደብራቸውም አራሚ ነበሩ። በቅዳሴ ላይ መልእክታቱ ሲነበቡ ከአንባቢው አጠገብ መቋሚያቸውን ተደግፈው ይቆማሉ፤ ዲያቆኑ ሲስት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያቀናሉ፤ ዲያቆኑም መልሶ በትክክል ያነባል። ዓይናቸው በሞራ ከጠፋ በኋላም ከዚያ ቦታ አልተነሡም። ለማረም ዓይን ድሮም አስፈልጓቸው አያውቅም። እሳቸው ባሉበት የሚያነብ ዲያቆን ሌሊቱን ሲለማመድ ያድራል ይባላል፤ እውነትም ያድራል።

ዓይናቸው ከጠፋ ትንሽ ቆይቶ አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄድኩ። «ሁልጊዜ መጽሐፍ አንጠልጥለህ ትዞራለህ አሉኝ» አሉ። «እስቲ ምን ይላል እሱ የዓለሙ መጽሐፍ?» እየቀለዱብኝ ነበር። ከቦርሳዬ አወጣሁና ሁለት ገጽ አነበብኩላቸው። አገጫቸውን መቋሚያው ላይ አስደግፈው ሰሙ። ስጨርስ «ታዲያ ከዚያስ?» አሉኝ። በዚያው ቀረን።

ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ከቤታቸው ደጃፍ ያለችው የድንጋይ መደብ ላይ እንቀመጣለን። ፊት ለፊታችን ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣው መንገድ ነው፤ ከዚያ የሚወርድ ሰው ሁሉ ሰላም ብሎን ያልፋል፤ የኔታ በኮቴው ማንነቱን ያውቁታል። እኔ መጽሐፉን ሳልከፍት እሳቸው ትናንት የቆምንባትን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ይሏታል። አንድም ቀን ስተው አያውቁም። እኔ በወረቀት ምልክት የማደርገውን እሳቸው በቃላቸው ይይዙታል። እንዲያውም ምልክት ማድረጉን ተውኩት፤ ምልክቴ እሳቸው ሆኑ።

ያነበብኩላቸው ታሪክ ደግሞ እሳቸው ዘንድ አይቀርም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ አለ፤ ማኅበርተኞቹ ዳቦና ጠላ ይቀማመሳሉ፤ የኔታም የሳምንቱን ንባብ እዚያ ይተርኩታል። ፊደል የማያውቁ አርሶ አደሮችና እናቶች መጽሐፉን በየሳምንቱ በእሳቸው አፍ ይከታተላሉ። «እህ የኔታ፣ ያ ሰውዬ ከምን ደረሰ?» እያሉ መሃል መንገድ ላይ ያስቆሟቸዋል። የኔታ ደስታቸው ከዚህ ላይ ነበር። ዓይናቸውን ካጡ ወዲህ ሰው እንደ ደካማ እጃቸውን እየያዘ ሊመራቸው ሲል ይቆጡ ነበር፤ ሰንበቴው ላይ ግን ሰው የሚመራው በእሳቸው ነው።

ያን ጊዜ በደብተሬ ግራ በኩል የሰፈረው የመጨረሻው መጽሐፍ አንዲት ቀጭን የአጫጭር ታሪኮች መድበል ነበረች፤ ከየኔታ ጋር በአምስት ቀን ጨረስናት። በመሃል የያዝኩት ስለ አንድ የድሮ ሲራራ ነጋዴ የተጻፈ ልብ ወለድ ነው፤ ከሰቆጣ ገበያ አሞሌ ጨው ጭኖ ወደ ላስታ የሚመለስ ሰው ታሪክ ነው። ነጋዴው አንዲት ጆሮዋ የተቀደደ ዳማ በቅሎ አለችው፤ እልኸኛ ናት፤ ካልፈለገች አትንቀሳቀስም። የኔታ እሷን የወደዷትን ያህል ማንንም አልወደዱም። «አባቴ እንዲህ ያለች ነበረችው» ይሉና ስለ እሷ በመጣ ቁጥር ይስቃሉ። ሰንበቴው ላይም ወሬው ሁሉ ስለ በቅሎዋ ነበር አሉ።

በቀኝ ተራ ሲጠብቅ የነበረው ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ነርሷ ያመጣችው ትልቅ ልብ ወለድ ነበር፤ ሲያነሡት ክንድ ያደክማል። ፋርማሲስቷ ስታነበው ሁለት ቀን ደንበኛ እንኳ ቀና ብላ አላየችም። መምህራኑ ስለ እሱ ሲያወሩ እኔ ስደርስ ዝም ይላሉ፤ ታሪኩን እንዳያበላሹብኝ። እኔ፣ አንባቢው፣ ያላነበብኩትን መጽሐፍ ሰው ሁሉ ሲያወራው መስማት ምን ያህል ያቃጥለኝ እንደነበር አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ያኔ ግን አላሳቀኝም። ተራዬ ሐሙስ ነበር።

ሰኞ ለት ከነጋዴው መጽሐፍ መቶ ገጽ ያህል ይቀረን ነበር። ጮክ ብሎ ማንበብ ቀርፋፋ ነው፤ የኔታም እያስቆሙ ይጠይቃሉ፤ በቀን ከሃያ ገጽ በላይ አንሄድም። መጽሐፉን ሁለቴ አራዝሜዋለሁ፤ ቀጣዩ መምህር ማጉረምረም ጀምሯል። እስከ ሐሙስ ካልመለስኩት ትልቁ ልብ ወለድ ያልፈኛል፤ ከወረፋው መጨረሻም እወድቃለሁ።

«የኔታ፣ ይህን መጽሐፍ ሰው ይፈልገዋል፤ ልመልሰውና በኋላ እንጨርሰዋለን» ብላቸው ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር? «መልስ እንጂ ልጄ፣ የሰው ዕቃ» ነው የሚሉኝ። ወር ቢቆይም ካቆምንበት ዓረፍተ ነገር ያስጀምሩኝ ነበር። ይህን አላልኳቸውም። ያልጨረስኩትን መጽሐፍ መመለስ ደብተሬን ያበላሽብኛል ብዬ ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

ማክሰኞ እንደ ልማዳቸው ጀመሩልኝ፤ «ነጋዴው የበቅሎዋን ልጓም ይዞ የተከዜን ቁልቁለት ቁልቁል ተመለከተ። እዚህ ላይ ነው የቆምነው።» እኔ ከቤቴ ስነሣ ገለጥ ገለጥ አድርጌ አይቼዋለሁ፤ ከዚያ የሚቀጥለው ስለ ጭነት አጫጫን፣ ስለ ኬላ፣ ስለ መንገድ ነው፤ ረጅምና ደረቅ መሰለኝ። «እሺ የኔታ» አልኩና በአንድ ጊዜ ስልሳ አራት ገጽ ገለጥኩ። ከአዲስ ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ አረፍኩ። «ከሦስት ወር በኋላ» ይላል። ድምፄ ሳይለወጥ ማንበብ ቀጠልኩ።

ሁለት ገጽ እንደሄድኩ እጃቸውን አነሡ።

«ቆየኝ እስቲ። በእግሩ ነው የሚሄደው?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«በቅሎዋስ?»

በቅሎዋ የት እንደሄደች እኔም አላውቅም ነበር። ልብ በሉ፤ እኔ ራሴ አላነበብኩትም። ያን ጊዜ ሳቅ ብዬ «ዘልዬ ነው፤ ይቅርታ» ብል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር፤ ተቆጥተውኝ፣ ምናልባት በመቋሚያው ጫፍ ነካ አድርገውኝ፣ ወደ ኋላ እንመለስ ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ?

«ሸጧት የለም እንዴ የኔታ? ባለፈው ሳምንት አንብበነው? ሐሙስ ይመስለኛል። ረሱት?»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ምንም አልከበደኝም። የኔታ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ሐሙስ ያነበብነውን በልባቸው ከመጀመሪያው እየደገሙ ነበር፤ በደንብ ያስታውቃል። ደግመው ጨረሱ፤ በቅሎዋ ስትሸጥ ግን አላገኟትም። እንደገና ሲጀምሩ አየሁ። አንድ ሰው «አንባቢህ አታሎህ ይሆናል» ቢላቸው እንኳ አያምኑም ነበር። ከእሳቸው ቤት የወጣ ሰው ገጽ ሊዘል ይችላል የሚል ሐሳብ እሳቸው ጭንቅላት ውስጥ መግቢያ የለውም። ሰው ይሳሳታል፣ ያላላል፣ ያጠብቃል፤ አይዘልም። ስለዚህ ጥፋቱን የት ሊያገኙት ይችላሉ? ራሳቸው ላይ ነው።

«ይሆናል» አሉ በመጨረሻ። «ይሆናል ልጄ። ቀጥል።»

ረቡዕ ጨረስነው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዓይንህን ይጠብቅልህ» ብለው እንደ ሁልጊዜው መረቁኝ። ለጥቂት ቀን እንግዳ ስለያዝኩ አልመጣም አልኳቸው። አንድም እንግዳ አልነበረኝም። ሐሙስ ጠዋት ፋርማሲው ሳይከፈት በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

ትልቁን ልብ ወለድ ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ በርም ዘጋሁ። ደስታዬን አልክድም። ምግብ ከነሳህኑ ሲቀዘቅዝ፣ ባለቤቴ «ኧረ ሰው ሁን!» ስትለኝ፣ ገጹን በግራ እጄ እየገለጥኩ በቀኜ እጎርሳለሁ። የኔታን አንዴም አላሰብኳቸውም። እንዲያውም አንዴ አስቤያቸዋለሁ፤ ይህን ደግሞ ላነብላቸው ቢሆን ስንት ወር ይፈጅብኝ ነበር ብዬ እፎይ አልኩ።

በሳምንቱ ረቡዕ ከሰዓት ዲያቆኑ መጣ። ከእኔ ቀጥሎ ተራው የእሱ ስለሆነ ስንት ገጽ እንደቀረኝ ሊያይ ነው የመጣው። በደብሩ እሑድ እሑድ የሚያነበውም እሱ ነው። መጽሐፉን አገላብጦ ከተቀመጠ በኋላ «የየኔታን ነገር ሰማህ?» አለኝ።

«ምን ሆኑ? አመማቸው?»

«ማረሙን ተዉ። ‘ከእንግዲህ አልቆምም’ አሉ።»

እንዲህ ሆነ። እሑድ ሰንበቴው ላይ የኔታ የነጋዴውን ታሪክ መጨረሻ እየተረኩ ነበር። ነጋዴው በእግሩ አገሩ ገባ ሲሉ አንዲት እናት ጣልቃ ገቡ፤ «ውይ! ያች በቅሎስ የኔታ? የት አደረሳት?» የኔታም «ሸጧታል» አሉ። «ለማን?» አሉ እኚያ እናት፤ የጨዋታ ወጉ ነው፤ ሁልጊዜም እንዲህ እያሉ ይጠይቋቸዋል። የኔታ አፋቸውን ከፈቱ፤ የሚሉት አጡ። ሰው ሆን ብለው የሚያንጠለጥሉት መስሎት ይጠብቃል። ግንባራቸውን አላባቸው አለ ዲያቆኑ። ከዚያም «ረሳሁት» አሉ። ሰዎቹ ሳቁ፤ በክፋት አይደለም። የኔታ ግን አልሳቁም። ዳቦውን እንደያዙ ቁጭ አሉ፤ መጨረሻውንም ሳይናገሩ ቀሩ።

በማግስቱ የደብሩ አለቃ ዘንድ ሄዱ። ሰው መርቶ ወሰዳቸው፤ እጃቸውን ለማስያዝ እምቢ አላሉም። «ያለፈውን ሳምንት ያልያዘ ጭንቅላት የእግዚአብሔርን ቃል አቀናለሁ ብሎ ሊቆም አይገባውም። ሳላውቀው ቀናውን አጣምሜ ቢሆንስ? ስንት እሑድ አጣምሜ ይሆን?» አሉ። አለቃው ቢለምኗቸው፣ እኛ አንድም ስህተት አልሰማንብዎትም ቢሏቸው አልሰሙም። ዲያቆኑ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተሰበረ። «እኔ እኮ ስፈራቸው ነው የኖርኩት። አሁን ማንን ፈርቼ አነባለሁ?» አለ።

ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ልብሴን ለብሼ ወዲያው መሄድ ነበረብኝ፤ የሚቀረኝ ግን ዘጠና ገጽ ነበር፤ ዲያቆኑም በነጋታው ይወስደዋል። ዲያቆኑን «ነገ ጠዋት ና» ብዬ ሸኘሁት፤ ተቀመጥኩ፤ ዘጠናውን ገጽ አነበብኩ። ከሠራሁት ሁሉ ይህቺን ለመጻፍ ነው የከበደኝ። ከመዝለሉም፣ ከውሸቱም ይልቅ ይህቺ ታሳፍረኛለች፤ ምክንያቱም ያን ሰዓት ሁሉንም አውቄዋለሁ። የዚያን ትልቅ መጽሐፍ መጨረሻ ዛሬ ጠይቁኝ፤ አላስታውሰውም።

በነጋታው የነጋዴውን መጽሐፍ ከመምህሩ ቤት «ወረቀት ረስቼበታለሁ» ብዬ ወሰድኩ። አንድ ውሸት ሌላ ይወልዳል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔ ግን በዚያች ሳምንት መቁጠሩን ተውኩት። መንገድ ዳር ካለ የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጬ ስልሳ አራቱን ገጽ ለራሴ አነበብኩ። ደረቅ አልነበሩም። የመጽሐፉ ልብ እዚያ ነበር። በቅሎዋ አልተሸጠችም። ቁልቁለቱ ላይ እግሯ ተሰበረ፤ ነጋዴው ሊገድላት አልጨከነም፤ እዚያ ብቻቸውን ለሚኖሩ አንዲት አሮጊት «እመለሳለሁ» ብሎ ትቷት ሄደ። አሮጊቷም በቅሎዋም ይጠብቁታል፤ እሱ ግን በሌላ መንገድ ይመለሳል። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት የኔታ ደጃፍ ደረስኩ።

መደቧ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከኮቴዬ አወቁኝ። «እንግዶችህን ሸኘህ?» አሉኝ።

«የኔታ፣ እንግዳ አልነበረኝም። የምናዘዘው ነገር አለኝ።»

«ለንስሐ አባትህ ንገራ! እኔ ቄስ አይደለሁ» አሉና ሳቁ።

ቆሜ ነገርኳቸው። ስልሳ አራት ገጽ እንደዘለልኩባቸው፣ ስለ በቅሎዋ ሲጠይቁኝ እንደዋሸኋቸው፣ ሐሙስ ያልኩትም ከራሴ የፈጠርኩት እንደሆነ፤ እርስዎ ምንም አልረሱም፣ የሚረሱት ነገር አልነበረም አልኳቸው። ከዚያ በቀስታ ጠየቁኝ።

«ማረሜን መተዌን ማን ነገረህ?»

«ዲያቆኑ።»

«አወቅሁ» አሉ። «አዝነህልኝ መጣህ። እግዚአብሔር ይስጥህ። ግን ለእኔ ብለህ በራስህ ላይ አትዋሽ።»

«የኔታ፣ አልዋሸሁም! ያኔ ነው የዋሸሁት እንጂ አሁን አልዋሸሁም!» ድምፄ ከፍ ብሎ አንዲት መንገደኛ ዞር ብላ አየችን።

«አንተ ገጽ አትዘልም» አሉኝ። «ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ልጅ ሆነህ አንዲት ቃል ዘልለህ እኔ ሳልሰማህ ቀርቼ፣ ቤትህ ገብተህ እንደገና ተመልሰህ መጥተህ ‘የኔታ ዘልያለሁ’ ብለህ ያለቀስከው አንተ አይደለህም? ቃሏን ልንገርህ?»

ቃሏን ነገሩኝ። ሠላሳ ዓመት ያለፋትን፣ እኔ ፈጽሞ የረሳኋትን ቃል። ይህን ያህል የሚያስታውስ ሰው ባለፈው ሳምንት ያነበቡለትን ሊረሳ አይችልም ብዬ ተሟገትኩ። «የድሮው ይቆያል ልጄ። የሚሄደው የቅርቡ ነው። አባቴም እንዲህ ነው የጀመረው» አሉኝ። ያን ጊዜ ፈራሁ። ለካ ሲጠብቁት የኖሩት ነገር ነበር፤ እንደ አባታቸው መርሳት ሲጀምሩ ሳያውቁት እንዳያልፉ ሲሰጉለት የኖሩት ነገር። እኔ «ረሱት?» ስላቸው የመጣ መሰላቸው።

ሌላ መላ ስላጣሁ ተቀምጬ መጽሐፉን ከፈትኩ። ከቁልቁለቱ ጀምሬ ስልሳ አራቱን ገጽ አንዲት ቃል ሳልዘል አነበብኩላቸው። ጥላው መንገዱን እስኪሻገር ድረስ አነበብኩ፤ ጉሮሮዬ ደረቀ። አንዴም አላስቆሙኝም። አሮጊቷ ከበቅሎዋ ጋር መንገዱን ሲያዩ ከሚውሉበት ላይ ስደርስ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ጨርሼ «ይኸው የኔታ፤ ይህን ከዚህ በፊት ሰምተውት ያውቃሉ?» አልኳቸው።

ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ።

«አዎ» አሉ። «አሁን ትዝ አለኝ። አንብበህልኝ ነበር።»

«የኔታ፣ አላነበብኩልዎትም!»

«አንብበህልኛል። ያን ቀን ነፋስ ነበር፤ ድምፅህም ደክሞ ነበር። አሮጊቷን አስታወስኳቸው።» እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን ፈልገው መታ መታ አደረጉኝ። «ተወው በቃ። ቀጥለን ምን እናነባለን? ብቻ አጭር ይሁን። ረጅሙን ከእንግዲህ አልይዘውም።»

አለቃው ዘንድም ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። «እኛማ ተዉ አላልናቸውም፤ ቦታቸው ባዶ ነው፤ ማንንም አልተካንም። እሳቸው ካላመኑህ እኛ ምን እናድርግ?» አሉኝ። ራሳቸውን ነቅንቀው ሸኙኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ቅዳሴ ሄድኩ። የኔታ እንደ ድሮው ከአንባቢው አጠገብ አልነበሩም፤ ከኋላ ከምእመናኑ መካከል፣ ዓምዱን ተደግፈው ቆመው ነበር። ዲያቆኑ ወጣና ማንበብ ጀመረ። መሃል ላይ ሲደርስ አንዲት ቃል ሳተ። እኔ እንኳ ሰማሁት። የኔታም ሰሙት፤ ራሳቸው ቀና ሲል፣ አፋቸው ሲከፈት አየሁ። ዲያቆኑም አንድ ነገር የተሰማው ይመስል ቆም አለ፤ ወደ ባዶው ቦታ አየና የሚያርመው ሲያጣ ማንበቡን ቀጠለ። የኔታ አፋቸውን መልሰው ገጠሙ። ከዚያ አጠገባቸው ወደቆሙት አርሶ አደር፣ ፊደል ወደማያውቁት ሰው፣ ጎንበስ አሉና ጠየቁ።

«ልክ ነው እንዴ ያነበበው?»

«ልክ ነው የኔታ» አሏቸው ሰውዬው።

የኔታም አመኗቸው።